ስም ፍለጋ ወደ አፍንጮ በር

ከስድስት ኪሎ አደባባይ ተነሥቶ ወደ አፍንጮ በር የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ከላይ አንበሳ ግቢ አለ፤ በአደባባዩ መካከል በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ላለቁት ወገኖቻችን የቆመው ሐውልት አለ፤ አጠገቡም ዩኒቨርሲቲው ነው። ከዚያ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ሐሳባችሁ በፈተና ወይም በደመወዝ ቀን ላይ እንዳለ፣ ወያላው «አፍንጮ በር ወራጅ!» ብሎ ይጮኻል። እናንተም ወርዳችሁ ወደየጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ። በዚያ ሰፈር ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ረጅም ሐውልት መኖሩን ያየ ያየዋል፤ ያላየም ያልፈዋል።

እኔ ካለፉት ወገን ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ በስድስት ኪሎ ስማር በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ የግቢውን በር አንድ ቀን እንኳ አልረገጥኩም። ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁና እፍረቱ እጥፍ ነው። አንባቢ ከሌላ ሰው ሰምቶ ከሚታዘበኝ ራሴ ብናገረው ይሻላል።

ወደዚያ ግቢ ያስገቡኝ አያቴ ናቸው።

እማማ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ዓመት አልፏል፤ የሁለቱም ዓይናቸው ብሌን በሞራ ተሸፍኖ የሰው ፊት በድምፅ እስኪለዩ ድረስ ደርሰው ነበር። ሐኪም ሞራው ይገፈፋል ባለ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረችው ማታ፣ ቤቴ ውስጥ ቡና ጠጥተን ካበቃን በኋላ፣ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ የአባቴ ስም ድንጋይ ላይ ተጽፏል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማማ። አፍንጮ በር ነው።»

«አይተኸዋል?»

ምን ልበል? «በሩቁ» አልኳቸው።

«በሩቁማ እኔም አይቼዋለሁ፤ ከደብረ ብርሃን» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ጥቂት ቆይተው፣ «እንግዲህ ዓይኔ ከተገለጠ መጀመሪያ የምታሳየኝ እሱን ነው» ሲሉ ጨመሩ።

የእማማ አባት የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበር። ስለዚህ ሻለቃ ከእናንተ መካከል ብዙ የሚያውቅ ይኖራል፤ የማያውቅም ይኖራልና በአጭሩ ላስታውስ። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን የኬክሮስ መስመር አልፎ ወደ ደቡብ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹ ርዳታ እንዲልኩ ሲጠይቅ ተዋጊ ጦር የላኩት አገሮች 16 ነበሩ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ የአየር ጓድ ላከች፤ እግረኛ ጦር የላከች ግን ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ስትወረን በጄኔቭ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር በቃል አዝኖልን በሥራ ትቶን ነበር። ያን የቀመሰ አገር፣ የአንዱ መጠቃት የሁሉ መጠቃት ነው የሚለውን ሐሳብ በነፍስ ካላጸናው ማን ያጸናዋል? ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

ሻለቃው የተመረጠው ከክቡር ዘበኛ ነው። «ቃኘው» የሚለው ስም የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ «አባ ቃኘው» ከሚለው የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ሄዶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በ1944 ሁለተኛው በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ በ1945 ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ እየተመሩ ተተኩ። ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ከቆመ በኋላ የሄዱትን ጨምሮ በጠቅላላው ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን ረግጠዋል። ከእነሱም አንዱ በኋላ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነበር። የወደቁት ከ120 ይበልጣሉ፤ የቆሰሉት ከ500 በላይ ናቸው። የተማረከ ግን አንድም የለም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ባሳተመው መጽሐፉ ደጋግሞ ያደንቀዋል። ኢትዮጵያውያኑ ምርኮኛም፣ ሬሳም ለጠላት አይተዉም ነበር። ዛሬ ፑሳን ውስጥ ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ከ2 ሺህ 300 በላይ ወታደሮች አርፈዋል፤ የብዙ አገር ልጆች ናቸው። የቃኘው ሰዎች ግን እዚያ የሉም። ሁሉም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

መጽሐፉን ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ይህ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

አሁን ወደ እማማ ቤት እንመለስ። አባታቸው የሄደው ከሁለተኛው ሻለቃ ጋር ነው። ሲሄድ ሚስቱ እርጉዝ ነበሩ፤ እማማ የተወለዱት እሱ ኮሪያ ከደረሰ በኋላ፣ በሰኔ 1944 ዓ.ም. ነው። ልጅ መወለዷን በደብዳቤ ሰማ። ለዕረፍት ጃፓን በወጣ ጊዜ ለሚስቱ አንድ የሐር መሐረብ ገዛ። በጥቅምት 1945፣ ሦስት ማዕዘን ኮረብታ ይባል በነበረው ስፍራ አካባቢ ሲዋጋ ወደቀ። ዕድሜው ከዛሬው የእኔ ዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል መሆኑን ታውቃላችሁ። ቅድመ አያቴ ሲነግሩን፣ በዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ ገብተው ከመቀመጣቸው በፊት አንዲት የጎረቤት ሴት መጥታ ሕፃኗን ከእጃቸው ተቀበለቻቸው። «ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄን እንዳልጥላት ነው የወሰደቻት፤ ሌላ ቃል አላስፈለገኝም» ይሉ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁትም አንድ ነገር ነው፤ «ሬሳውስ?»

ይህን ጥያቄ የመለሰላቸው ግን ከወራት በኋላ ሻለቃው ሲመለስ የመጣ አንድ አሥር አለቃ ነው። የሟቹ ባልንጀራ ነበር። መሐረቡን ይዞ መጣ። እንዴት እንደ ወደቀ፣ እንዴት ሌሊቱን ሙሉ ከሌላ ወታደር ጋር ሆኖ ከኮረብታው እንዳወረደው፣ ሲያወርደውም በረዶው መሬት እንዴት ያንሸራትት እንደ ነበር አጫወታቸው። ሬሳው እንዳልቀረ በማርያም ስም ማለላቸው። ቅድመ አያቴ በ1990 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የሚጽናኑት በዚህ ነበር። የገዛ ወንድማቸው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ቀርቷል። እናታቸው ያለቀሱት ባዶ ጋቢ ዘርግተው ነበር። «እኔ ግን የማለቅስበት አፈር አለኝ» ይሉ ነበር።

እንግዲህ የጀግንነቱ ታሪክ እዚህ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው የመዝገብ ቤት ታሪክ ነው፤ ከእናንተ መካከል በቅርቡ በመንግሥት ሥራ የተቀጠራችሁ ወጣቶች ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ለሟች ቤተሰብ ተቆራጭ ይሰጣል ተባለ። ቅድመ አያቴ ልጃቸውን አዝለው ከአገራቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ስሙን አሁን ላነሣው ወደማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት ቀረቡ። ጸሐፊው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋ። በአንደኛው የሟቹ ስም በንጉሡ ሠ ተጽፏል፤ በሌላው በእሳቱ ሰ። «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለ።

ቅድመ አያቴ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። አንድ ባል እንዴት ሁለት ሰው እንደሚሆን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። «የትኛው ነው የሞተው?» ብለው ጸሐፊውን ቢጠይቁት ሳቀ ይባላል። ምስክር አምጪ ተባሉ፤ አመጡ። ኃላፊው የሉም፣ በሳምንት ተመለሽ ተባሉ፤ ተመለሱ። ፋይሉ ጠፋ፤ ተገኘ፤ እንደገና ጠፋ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጥጃ ተሸጠ፣ ከዚያም ላሟ ራሷ ተሸጠች። በመጨረሻ ያ አሥር አለቃ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ሜዳዩን ደርድሮ፣ አብሯቸው ሄደና ጠረጴዛው ፊት ቆመ። «በየትኛውም ሰ ይጻፍ፣ ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ። ወረቀቱ በዚያ ቀን ተፈረመ።

እኔ ቋንቋ አስተማሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ተማሪዎቼ ሠ እና ሰን ቢያቀያይሩ ከዚያ ወዲህ ነጥብ መቀነስ አቅቶኛል። ባልደረቦቼ ይወቅሱኛል።

የዘማች ቤተሰብ መከራ በአንድ ቀን መርዶ የሚያልቅ አይምሰላችሁ። ቤቱ በየዘመኑ እንደገና ይጠየቃል። ከኮሪያ በደኅና ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ በክቡር ዘበኛ ቀሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ፣ ክቡር ዘበኛና ጦር ሠራዊት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ተታኮሱ። ብዙዎቹ ተራ ወታደሮች ለማንና ለምን እንደሚተኩሱ በውል አልተነገራቸውም ነበር። ያ አሥር አለቃ የሞተው በዚያ ነው። በኮሪያ በረዶ ላይ ጓደኛውን ተሸክሞ የወረደ ሰው፣ በከተማው ውስጥ፣ በወገኑ ጥይት ወደቀ። ሚስቱና ልጆቹ የዓመፀኛ ቤተሰብ ተባሉ። ቅድመ አያቴ ለቅሶ ሊደርሱ ቢሄዱ ቤቱ ተዘግቶ አገኙት፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግራቸው ጎረቤት አልነበረም።

ቀጥሎ 1966 መጣ። በኮሪያ የተዋጉት ከኮሚኒስቶች ጋር ነበርና፣ ሶሻሊዝምን ባወጀው መንግሥት ዘመን የቃኘው ስም በአደባባይ የሚጠራ አልሆነም። ዘማቾቹ የሚደበቁት ነገር በዛ። ቅድመ አያቴም የባላቸውን ፎቶግራፍ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ፣ በዚያው ክፈፍ ውስጥ ደበቁት፤ ሜዳዩን ከጎታው ሥር ቀበሩት። የማርያምን ሥዕል ሲሳለሙ ከጀርባው ያለውንም አብረው ይሳለሙ እንደ ነበር እማማ ነግረውኛል፤ ይህን ኃጢአት ነው የሚል ካህን ካለ እሱ ያውቃል።

አንድ ሌላ ነገርም ልናገር፤ ፍርድ ሙሉ ይሆን ዘንድ። ያው መንግሥት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት የነበሩት እማማ ልጅ አዝለው ማታ ማታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። እናታቸውን ሁለት ዓመት ያንከራተቱትን ሁለቱን ሰ ለይተው ለማወቅ የፈለጉ ይመስለኛል። የአባታቸውን ስም ያስደበቀው ዘመን፣ ያንኑ ስም ማንበብ አስተማራቸው።

የእማማ ዓይን ተገለጠ። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ለክትትል ሄደን ስንመለስ በቸርችል ጎዳና አለፍን። የትግላችን ሐውልት ዘንድ ስንደርስ፣ ኮከብ የተሸከመውን ረጅሙን ድንጋይ በታክሲው መስኮት አዩና፣ «ይኸው ነው?» አሉ።

«አይደለም እማማ፤ ይህ የሶማሊያ ጦርነት ነው።»

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ሆኖ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። የሠራችውም ሰሜን ኮሪያ ናት። ነገሩን አስተውሉት፤ በአንዲት ከተማ ውስጥ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ለኢትዮጵያ ወታደር የቆሙ ሁለት ሐውልቶች አሉ። አንዱን ያቆመችው ሰሜን ኮሪያ ናት፤ በሌላው ሥራ የደቡብ ኮሪያ እጅ አለበት። እርስ በርሳቸው ያልታረቁት ኮሪያውያን በእኛ ሟቾች ላይ ተገናኝተዋል። ይህን ለእማማ ብነግራቸው ብዙም አልደነቃቸው።

«የነ እትዬ ልጅ የቀረው እዚያ ኦጋዴን ነው» አሉ፤ የድሮ ጎረቤታቸውን ማለታቸው ነው። «ስሙ አለበት?»

ወርደን ትንሽ ዞር ዞር አልን። በግንቡ ላይ የተዋጊዎች ቅርጽ አለ፤ የኩባውያኑ ሰማዕታት ምስልም አለ። የጎረቤታችንን ልጅ ስም አላገኘሁም። እማማ ከድንጋይ ወታደሮቹ አንዱን፣ ፊቱ ወጣት የሆነውን፣ ቀረብ ብለው ተመለከቱት። «ይኼ ይሁንለት» አሉና ወደ ታክሲው ተመለሱ።

አፍንጮ በር የገባነው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሐውልቱ የቆመው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ቅድመ አያቴ ከሞቱ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሥራው የረዳችው የደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ናት። እሷም በ1960 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አላት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሪያው እንደ ገጠር ጎጆ የተሾጠሾጠ የመታሰቢያ አዳራሽ ከፍታለች። በስኮላርሺፕ እዚያ የሚማር አንድ ጓደኛዬ ፎቶግራፉን ልኮልኛል። በሐውልቱ አጠገብ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም ያለው ቡና ቤት አለ፤ ኮሪያውያን ወጣቶች ተቀምጠው ቡና ሲጠጡበት ይታያል። ለሐውልት ጎረቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የእኛው ግቢ ፀጥ ያለ ነው። የመንገዱ ጩኸት በሩን ሲያልፉ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱ ማለዳ ነበርና ከዘበኛውና ከአንድ አትክልት ከሚያጠጣ ሰው በቀር ማንም አልነበረም። እማማ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ዘበኛው ሮጦ መጥቶ፣ «ኧረ እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አላቸው። ቀና ብለው አዩት። «አንተ ማን ሞተብህ?» አሉት። ዘበኛው ዝም አለ፤ ጫማቸውንም ራሱ ተቀብሎ አስቀመጠላቸው።

የወደቁት ስም የተቀረጸበት ዘንድ ደረስን። እኔ እንደ ለመድኩት በጣቴ እየተከተልኩ ልፈልግ ጀመርኩ። «ተው፤ እኔ ነኝ የማነብበው» አሉኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አንባቢ ሆይ፣ በሰባ ዓመት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት በተማሩት ፊደል፣ አዲስ በተገለጠ ዓይን፣ ከመቶ የሚበልጥ የሰው ስም አንድ በአንድ ማንበብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አላውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አባታቸውን ለማግኘት ብለው የሌላውን ሰው ስም አልዘለሉም። እያንዳንዱን በድምፅ ያነባሉ፤ ስሙን ከነአባቱ ከጠሩ በኋላ «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ማዕረጉን ሲያነቡ ግን ይሰናከላሉ፤ አንድ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ዘበኛው ራቅ ብሎ ቆቡን አውልቆ ቆሞ ነበር። አትክልት የሚያጠጣውም ሰው የውኃውን ጎማ ዘጋ።

የአባታቸው ስም ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸው አልተለወጠም። እንደ ሌሎቹ አነበቡት፤ እንደ ሌሎቹም «ነፍስ ይማር» አሉ፤ አላቆሙም፣ ቀጠሉ። እኔ ነኝ ድንጋዩን ተደግፌ የቀረሁት። መጨረሻውን አንብበው ካበቁ በኋላ ብቻ ተመልሰው መጥተው፣ መዳፋቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ። ፊቱን አይተውት አያውቁም። አስቡት፤ የነኩት የአባታቸው ነገር መሐረቡና ይህ ድንጋይ ብቻ ነው።

ከዚያ ዞር ብለው ጠየቁኝ።

«እሱስ የለም?»

«ማን እማማ?»

«አባቴን ያወረደው። ያ አሥር አለቃ። ሁሉንም አነበብኩ፤ የለም።»

የታሪክ መምህር ነኝና ለማስረዳት ሞከርኩ። ይህ ሐውልት በኮሪያ ለወደቁት ብቻ መሆኑን፣ እሱ ግን ከኮሪያ በደኅና መመለሱን፣ የሞተው በ1953 እዚሁ አዲስ አበባ መሆኑን፣ ያም ጦርነት ከውጭ ጠላት ጋር ያልተደረገ መሆኑን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ እሱ የማን ሟች ነው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በክፍሌ ውስጥ በየዓመቱ መስከረም ላይ የተማሪዎች ቅጽ አስሞላለሁ። «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ አለው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ በዚያ ቦታ ላይ «ወታደር ነበር» ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉኝ። አንዱን፣ «ነበር ማለት ምን ማለት ነው? ጡረታ ወጣ?» ብዬ በሌሎቹ ፊት ጠይቄው አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር። ልጁ «አልመጣም» ብቻ አለ። አባቱ የት እንዳረፈ የሚነግረው ባልንጀራ እስካሁን አልመጣለትም። ቅድመ አያቴ የነበራቸውን አፈር እንኳ ያ ልጅ የለውም።

እማማ ከመቀነታቸው ሁለት ጧፍ አወጡ። ሁለት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ጀምሮ አስበውበት ነበር ማለት ነው። ዘበኛው ከድንጋዩ ላይ እንዳይሆን ብቻ ለመነና ከሣሩ ዳር ለስላሳ አፈር አሳያቸው። ተከሉአቸው። አንደኛውን ነፋስ ሁለት ጊዜ አጠፋው፤ ሁለት ጊዜም አበሩት። የትኛው የማን እንደ ሆነ አልነገሩኝም።

ወደ በሩ ስንወጣ፣ ጫማቸውን እያደረጉ፣ «ደብተር ይዘሃል?» አሉኝ። መምህር ደብተር አያጣም፤ አወጣሁ። «የአሥር አለቃውን ስም ጻፍልኝ፤ እኔ ስሞት የሚያውቀው የለም።»

ስሙን ከነአባቱ ነገሩኝ። ብዕሬን አሹዬ ልጀምር ስል ቆም አልኩ፤ የስሙ መካከለኛ ፊደል ላይ ደርሼ ነበር።

«እማማ፣ በንጉሡ ነው ወይስ በእሳቱ?»

«በሁለቱም ጻፈው» አሉኝ።